የአሜሪካ የትዳር ጓደኛ ቪዛ፦ ደጋፊ ሰነዶችን ከሀ እስከ ፐ አሰባሰብ

«ሁሉን ነገር ልከን ነበር፤ ለምን መለሱብን?» የሚል መልእክት ደጋግሞ ይደርሰኛል። ፋይሉን አብረን ስናየው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱ ጀርባ ላይ ያለው ማህተም ስካን አልተደረገም። ትርጉሙ ላይ የተርጓሚው ፊርማ የለም። የሠርጉ ቀን ፎርሙ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ለዚህች ለዚህች ወራት ይባክናሉ።

ስለዚህ ቀጥታ ወደ ሥራው እንግባ። ስፖንሰር ስል አሜሪካ ያለው ወገን ማለቴ ነው። ተጓዥ የምለው ደግሞ ቪዛውን የሚጠብቀውን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስቱን በሮች እወቁ

ፋይላችሁ በሦስት በር ያልፋል። የየበሩ ጥያቄ ይለያያል።

የመጀመሪያው ዩኤስሲአይኤስ ነው፤ የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት። እዚህ አይ-130 የሚባለው ፎርም ይገባል፤ ስፖንሰሩ ለትዳር ጓደኛው የሚያቀርበው ማመልከቻ ነው። የሚመረመረው ትዳሩ ሕጋዊና እውነተኛ መሆኑ ነው። ሲፀድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ያልፋል፤ በአጭሩ ኤንቪሲ። እዚያ የስፖንሰሩ ገቢና የተጓዡ የሲቪል ሰነዶች (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፖሊስ ማስረጃና የመሳሰሉት) ይታያሉ። ሦስተኛው በር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ኦርጅናል ወረቀት የሚታየውና ተጓዡ በአካል የሚጠየቀው እዚያ ነው።

ብዙዎች ሁሉንም ወረቀት በመጀመሪያው በር ላይ ይከምራሉ። አይ-130 ሲገባ የፖሊስ ማስረጃም የሕክምና ምርመራም አይጠየቅም። ቀድማችሁ ካወጣችኋቸው ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ገንዘቡም ውኃ በላው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። ስፖንሰሩ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያዥ? የዜጋ የትዳር ጓደኛ የቪዛ ቁጥር ወረፋ የለበትም። የግሪን ካርድ ያዥ የትዳር ጓደኛ ግን ኤፍ2ኤ በሚባለው ምድብ ይመደባል፤ ወረፋው በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ይታያል። ልዩነቱ ልጅ ካለ ይብሳል። በዜጋ ማመልከቻ ልጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር ተጠቃሎ አይመጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። በኤፍ2ኤ ግን ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አብሮ ሊጠቃለል ይችላል። መሀል ላይ ስፖንሰሩ ዜግነት ካገኘ ፋይሉ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ ለልጁ የተለየ ማመልከቻ ማስገባት እንዳትረሱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 1፦ ፎርም ሳትነኩ ሁለት ገጽ ጻፉ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሠራዋል።

የመጀመሪያው ገጽ፦ የቀን ዝርዝር

ሁለታችሁም በስልክ ተገናኙና አብራችሁ ሙሉት። መቼ ተዋወቃችሁ? በአካል መጀመሪያ መቼ ተያያችሁ? መቼ ተጋባችሁ? ከዚያ በኋላ ማን፣ መቼ፣ ለስንት ቀን ሄደ? ያለፈ ትዳር ካለ መቼ ተጀመረ፣ በየትኛው ቀን በፍርድ ቤት ፈረሰ? ባለፉት አምስት ዓመታት የት የት ኖራችሁ፣ የት ሠራችሁ?

አይ-130 እና ተጓዡን የሚመለከተው አይ-130ኤ የአምስት ዓመት አድራሻና ሥራ ይጠይቃሉ። በኋላ የሚሞላው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም፣ ዲኤስ-260፣ ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁሉንም ከዚህ አንድ ገጽ ላይ ከገለበጣችሁ አይጣረሱም።

ሁለተኛው ገጽ፦ የስም ሠንጠረዥ

በግራ በኩል ያላችሁን ሰነዶች በሙሉ ጻፉ። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር። በቀኝ በኩል ስሙ በእያንዳንዱ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡ። አንዱ ላይ «ቲ» አንዴ፣ ሌላው ላይ ሁለቴ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ኖሮ ሰርተፍኬቱ ላይ ሊጠፋም ይችላል።

መሪው ፓስፖርት ነው። ፎርሞቹን ሁሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ። ሌሎቹን አጻጻፎች «ሌሎች የተጠቀሟቸው ስሞች» በሚለው ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ ግን ሰነዱን ባወጣው መሥሪያ ቤት ማሳረም ወይም የስም ለውጥ ማስረጃ ማያያዝ የግድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ልዩነት አገኛችሁ ብላችሁ ሰነዱን በእጃችሁ እንዳትነኩ። በእስክሪብቶ የተስተካከለ አንዲት ፊደል ትክክለኛውን ሰነድ ሐሰተኛ ታስመስለዋለች። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ለወረቀት ብቻ የተደረገ ጋብቻም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ የሚመጣ እውነተኛ ትዳርን ጭምር ይዘጋል።

ደረጃ 2፦ የሲቪል ሰነዶች

መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። እዚያ በየአገሩ የተዘጋጀ የሰነድ ዝርዝር አለ። የተጓዡን አገር ምረጡ። የትኛው መሥሪያ ቤት ያወጣው የልደት፣ የጋብቻ ወይም የፖሊስ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ቢሮ የወጣ ወረቀት ምንም ያህል ባለ ማህተም ቢሆን ሊመለስ ይችላል። ጎረቤት «እኔ በዚህ አልፌያለሁ» ቢላችሁም ዝርዝሩን እመኑ።

ከዚያ እነዚህን ያዙ፦

1. የስፖንሰሩ ማንነት። ዜጋ ከሆነ የአሜሪካ ፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ፣ የዜግነት ሰርተፍኬት ወይም አሜሪካ የተወለደበት የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ። ግሪን ካርድ ከሆነ የፊትና የጀርባ ኮፒ።
2. የጋብቻ ሰርተፍኬት። ከመንግሥት ክፍል የወጣ መሆን አለበት። የሠርግ መጥሪያና የሃይማኖት ተቋም ወረቀት ለማጠናከሪያ ይሆናሉ እንጂ ብቻቸውን አያራምዱም።
3. ያለፉ ትዳሮች ማብቂያ። የሁለታችሁም፣ የእያንዳንዱ ትዳር። የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት ሰርተፍኬት።
4. የተጓዡ የልደት ሰርተፍኬት። የእናትና የአባት ስም የሰፈረበት።
5. ፎቶ። የሁለታችሁም፣ 2 በ2 ኢንች፣ ነጭ ጀርባ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 30 ቀናት የተነሣ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። የፍቺው ቀን ከአሁኑ ጋብቻ ቀን መቅደም አለበት። ግልጽ ይመስላል አይደል? ግን ሰዎች ከተለያዩ ዓመታት በኋላ ውሳኔው ሳይጻፍ ሌላ ትዳር ይመሠርታሉ። እንዲህ ከሆነ የአሁኑ ጋብቻ ራሱ ሕጋዊነቱ ይጠየቃል። ይህ በወረቀት አሰባሰብ የሚፈታ ጉዳይ ስላልሆነ አንድም ፎርም ሳታስገቡ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ሁለታችሁም በአካል ሳትገናኙ በውክልና የተፈጸመ ጋብቻም እንዲሁ ነው። ከጋብቻው በኋላ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ መሆናችሁ ካልታየ አይቆጠርም።

ሰነዱ ጭራሽ ከሌለስ?

ቅደም ተከተል አለው፤ አትዝለሉት። አንደኛ፣ ሰነዱን ማውጣት የነበረበት መሥሪያ ቤት «መዝገቡ የለም» ብሎ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሁለተኛ፣ በዘመኑ የተጻፈ ሌላ ማስረጃ ፈልጉ፤ የክርስትና ወይም ሌላ የሃይማኖት ተቋም መዝገብ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ። ሦስተኛ፣ እሱም ከሌለ ነገሩን በቀጥታ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች የምስክርነት ቃል ይጻፉ። ምስክሮቹ እናንተ ሁለታችሁ መሆን አትችሉም። ቀጥታ ወደ ሦስተኛው የሄደ ሰው «የመጀመሪያው ደብዳቤ የታለ?» ይባላል።

ደረጃ 3፦ ትርጉም

ለዩኤስሲአይኤስ በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። ሙሉ ማለት ሙሉ ነው። የማህተሙ ጽሑፍ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ጠርዝ ላይ በእጅ የተጫረው ማስታወሻ፣ ከፊርማው በታች ያለው ማዕረግ ሁሉ ይተረጎማል።

ትርጉሙ ግርጌ ላይ ተርጓሚው ሁለት ነገር ያረጋግጣል። አንድ፣ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን። ሁለት፣ ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን። ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ያኖራል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ወዳጅ ሊተረጉምላችሁ ይችላል። እናንተ ራሳችሁ ባትተረጉሙት ግን ይመረጣል።

የእኔን ስህተት ልንገራችሁ። ለትርጉም ጥሩ ገንዘብ ከፍዬ፣ ወረቀቱ አምሮ ተጠርዞ መጣ። ደስ ብሎኝ ሳላነበው ላክሁት። ተርጓሚው የክብ ማህተሙን ጽሑፍ ዘሎት ነበር። በማህተሙ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ስም ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ አልተጻፈም። ማን እንዳወጣው የማይናገር ሰርተፍኬት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኦርጅናሉንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጬ በጣቴ መስመር በመስመር እየተከተልኩ አነባለሁ።

ቀን ላይ ሁለት ወጥመድ አለ

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሰነዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ተርጓሚው ሰነዱ ላይ ያለውንም፣ ወደ ፈረንጅ የተቀየረውንም ቀን ይጻፍ። ጥር 12 ቀን 2014 የተፈጸመ ጋብቻ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 ነው። «ስምንት ዓመት ደምር» ብሎ በጥቅሉ መቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ያሳስታል፤ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ወሩና ቀኑም አብረው ይቀየራሉ።

ሁለተኛው የአሜሪካኖች አጻጻፍ ነው። ወሩን ያስቀድማሉ። 03/07/2021 ለእነሱ ማርች 7 ነው፤ ለሌላው ዓለም ጁላይ 3። ትርጉም ላይ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 4፦ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ

ከባዱ ሥራ ይኸኛው ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬት መጋባታችሁን ያሳያል። አብራችሁ ኑሮ እየገፋችሁ መሆኑን ግን አያሳይም። ፋይሉን የሚያነበው መርማሪ ደግሞ እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ክብደት ያላቸው

የጋራ ልጅ ካለ የልደት ሰርተፍኬቱ። በሁለታችሁ ስም ያለ የቤት ኪራይ ውል ወይም ንብረት። የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ ያውም እንቅስቃሴ ያለው። ከተከፈተ ጀምሮ 50 ዶላር ተቀምጦበት የተረሳ ሒሳብ ለይስሙላ የተከፈተ ይመስላል። ስፖንሰሩ በሕይወት መድንና በጡረታ ቁጠባው ላይ ተጓዡን ተጠቃሚ አድርጎ ከሰየመ የዚያን ኮፒ ያያይዝ።

ተለያይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ሁሉ ላይኖራችሁ ይችላል። አትደናገጡ። ያን ጊዜ ጉዞ ዋናው ማስረጃችሁ ይሆናል። የአውሮፕላን ትኬት፣ የመሳፈሪያ ካርድ፣ ፓስፖርት ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ ማህተም፣ በሁለታችሁ ስም የተያዘ ሆቴል። ሦስቱ ለአንድ ጉዞ ሲገጣጠሙ ጥሩ ነው፤ ትኬቱ፣ ማህተሙና በዚያው ሳምንት የተነሣችሁት ፎቶ።

በመጠን የሚቀርቡ

የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች። የላኪውና የተቀባዩ ስም የሚታይባቸው ይሁኑ። በወንድም ወይም በጓደኛ በኩል የተላከ ከሆነ ማን ለማን እንደላከ በአንድ መስመር አስረዱ።

የመልእክት ልውውጥ። እዚህ ላይ ሰው ይቀልጣል። አንድ ሺህ ገጽ ቻት አትሞ የሚልክ አለ፤ ማን ያነብለታል? ከግንኙነታችሁ መጀመሪያ እስከ ዛሬ በየሁለት በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ይበቃል። ስክሪንሾቱ ሦስት ነገር ያሳይ፤ የላኪውን ስም ወይም ቁጥር፣ ቀኑን ከነዓመቱ፣ ጨዋታውን። ብዙ መተግበሪያዎች የዘንድሮን መልእክት ያለ ዓመት፣ የትናንቱን ደግሞ «ትናንት» ብለው ብቻ ያሳያሉ። እንዲህ ከሆነ ጭውውቱን ወደ ፋይል አውጡት፤ እያንዳንዱ መስመር ሙሉ ቀን ይዞ ይወጣል። የምትመርጡት ገጽ ደግሞ «ናፈቅሽኝ» ብቻ ባይሆን ይሻላል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ሕመም፣ የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ ይበልጣል። ትዳር ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚያወሩት እንደዚህ ነው።

ፎቶ። ከ15 እስከ 20 ይበቃል። ከሠርጉ አራት አምስት፣ ቀሪው ከተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ፣ ከተለያየ ሰው ጋር። አንድ ቀን በአንድ ልብስ የተነሡ 80 ፎቶዎች አንድ ማስረጃ ናቸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ በታች ቀኑን፣ ቦታውንና ከግራ ወደ ቀኝ ያሉትን ሰዎች ጻፉ። የሁለቱ ወገን ቤተሰቦች አብረው ያሉበትን ፊት ላይ አድርጉት።

የምስክር ደብዳቤ። «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ጸሐፊው ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ ከእናንተ ጋር ያለውን ዝምድና ይጻፍ። ከዚያ በዓይኑ ያየውን ይናገር፤ መቼ፣ የት፣ ምን። ከሁለት እስከ አራት ደብዳቤ ይብቃችሁ። ቃል በቃል ተመሳሳይ የሆኑ ደብዳቤዎች ከመቅረት ይብሳሉ።

ግብር ላይ ያለው ቦምብ

ስፖንሰሩ ካገባ በኋላ ግብር ሲያስገባ ምን ብሎ ሞላ? በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ቀን፣ ማለትም በዲሴምበር 31 ባለትዳር ከነበረ ለግብር ዓመቱን ሙሉ እንደ ባለትዳር ይቆጠራል። «ነጠላ» ብሎ ከሞላ በአንድ መንግሥት ፊት ሁለት ቃል ሰጠ ማለት ነው። ይህን መርማሪዎች ያያሉ። መፍትሔው 1040-ኤክስ በሚባለው የማረሚያ ፎርም ማስተካከልና የእርማቱን ኮፒ መያዝ ነው። ከግብር ባለሙያ ጋር አሁኑኑ ሥሩት፤ ለቃለ መጠይቁ ዋዜማ አይተውም።

ደረጃ 5፦ አይ-130 ማስገባት

በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ይገባል። ፎርሙ ከዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፤ ለፎርም ዋጋ የሚጠይቃችሁ ካለ ሽሹ። በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ግርጌው ላይ ያለውን የኅትመት ቀን አረጋግጡ። ያለፈበት ኅትመት ሳይነበብ ይመለሳል።

ኮፒ ላኩ። ኦርጅናል ካልተጠየቀ አትላኩ፤ ኦርጅናሉ ለቃለ መጠይቁ ያስፈልጋችኋል።

ከላይ አንድ ገጽ ማውጫ አድርጉ፤ «ሀ. የዜግነት ማስረጃ፣ ለ. ጋብቻ፣ ሐ. የቀድሞ ትዳር ፍቺ፣ መ. የአብሮ መኖር ማስረጃ» እያላችሁ በእንግሊዝኛ። የላካችሁትን በሙሉ፣ ፖስታውን ሳይቀር፣ ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ከተባላችሁ

ይህ ውድቀት አይደለም። ደብዳቤው ላይ የመጨረሻ ቀን አለ፤ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ነው። ዋናው ነገር ይኸውና፦ መልስ የምትሰጡት አንዴ ብቻ ነው። ከተጠየቁት አራት ነገሮች ሦስቱን ልካችሁ አራተኛውን «በኋላ እንልካለን» ማለት አይቻልም። በላካችሁት ይፈረዳል። ሁሉም እስኪሟላ ጠብቁ፤ የደብዳቤውን ኦርጅናል ከላይ አድርጉ፣ በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መልሱ፣ ከቀነ ገደቡ በፊት እንዲደርስ ላኩ። የማይገኝ ነገር ከጠየቁ ለምን እንደማይገኝ በማስረጃ አስረዱ።

ደረጃ 6፦ የስፖንሰሩ ገቢ

ማመልከቻው ፀድቆ ኤንቪሲ ጋ ሲደርስ የጉዳይ ቁጥርና የክፍያ መለያ ቁጥር የያዘ መልእክት ይመጣል። ሁለት ክፍያ አለ፤ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር፣ ለድጋፍ ሰነዱ 120 ዶላር። የኢሜይሉን የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን በየጊዜው እዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ድምፃችሁ ከጠፋ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።

ዋናው ሰነድ አይ-864 ነው፤ ስፖንሰሩ ተጓዡን በገንዘብ ሊደግፍ በሕግ ፊት የሚፈርምበት ፎርም። የስፖንሰሩ ገቢ ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረስ አለበት። የ2025ን ሠንጠረዥ ብንወስድ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር፣ ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነው። በየዓመቱ ስለሚቀየር በምትፈርሙበት ጊዜ ያለውን ተመልከቱ። ቆጠራው ውስጥ ስፖንሰሩ፣ ተጓዡ፣ ጥገኛ ልጆች፣ ከዚህ በፊት በዚሁ ፎርም የተጠሩና ግዴታቸው ያላበቃ ሰዎች ሁሉ ይገባሉ። የመጨረሻዎቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል።

የምታያይዙት፦ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) የወጣ የመጨረሻው ዓመት የግብር ትራንስክሪፕት (የገባው ግብር ማጠቃለያ)፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ። ትራንስክሪፕቱን በአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል። በምትኩ የ1040 (የዓመታዊ ግብር ፎርሙን) ኮፒ ከላካችሁ ደብልዩ-2 እና 1099 የሚባሉትን የገቢ ወረቀቶች ሁሉ አብራችሁ ላኩ። እኔ ትራንስክሪፕቱን እመርጣለሁ፤ ገጽ አይጎድልበትም።

ገቢው ካልደረሰስ?

ሦስት መንገድ አለ። አብሮ የሚኖር ቤተሰብ በአይ-864ኤ ገቢውን ያዋጣል። ወይም ንብረት ይቆጠራል፤ ለዜጋ የትዳር ጓደኛ የጎደለው ገንዘብ ሦስት እጥፍ። ለምሳሌ ስፖንሰሩ 22,000 ዶላር ቢያገኝ ከ26,437 የጎደለው 4,437 ነው፤ ሦስት እጥፉ 13,311 ዶላር ይሆናል። ይህን ያህል ቁጠባ በባንክ መግለጫ ማሳየት ከቻለ ያልፋል። ካልሆነ ሌላ ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ይሆናል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር መሆን አለበት። የራሱን አይ-864፣ የገቢውንና የማንነቱን ማስረጃ ያቀርባል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ተባባሪ ቢገኝም ዋናው ስፖንሰር የራሱን አይ-864 ከማስገባት አይድንም፤ ገቢው ዜሮ ቢሆንም። ሁለተኛ፣ ዘመድ ስትለምኑ እውነቱን ንገሩት። ይህ ፊርማ ፍቺ የማይሽረው የሕግ ግዴታ ነው። ተጓዡ ዜጋ እስኪሆን፣ 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ገደማ) የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ አሜሪካን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ሊቀጥል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ስካንና አፕሎድ

ለኤንቪሲ ሰነድ የሚጫነው በድረ ገጹ ነው። ስልክ ብትጠቀሙም በስካነር መተግበሪያ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ በጥላ የተነሣ ፎቶ ይመለሳል።

1. በቀለም ስካን አድርጉ። ሰማያዊ ማህተም ሰማያዊ ሆኖ ይታይ።
2. ጀርባውን ገልብጡ። ጽሑፍ ወይም ማህተም ካለበት እሱም ይጨመር።
3. አንድ ሰነድ፣ አንድ ፋይል። ሦስት ገጽ ያለው የፍቺ ውሳኔ በሦስት ፋይል አይከፈልም።
4. ኦርጅናሉና ትርጉሙ በአንድ ፋይል ይሁኑ።
5. የፋይሉ መጠን ገጹ ላይ ከተጻፈው ገደብ አይለፍ። የይለፍ ቃል አታድርጉበት።
6. ሁሉም ከተጫነ በኋላ የማስረከቢያውን ቁልፍ ተጫኑ።

ስድስተኛው ቀልድ አይደለም። ሰነዱ «ተጭኗል» ይላል እንጂ ገና አልተረከቡትም። ቁልፉን ሳይጫኑ ሁለት ወር የጠበቁ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

አንዱ ሰነድ ከተመለሰ ምክንያቱን አንብቡ፤ ያንን ብቻ ተኩና እንደገና አስረክቡ። ያልተመለሰውን አትንኩ።

ደረጃ 8፦ መጨረሻ ላይ የሚወጡት

የፖሊስ ማስረጃ። ዕድሜው 16 የሞላ ተጓዥ ያቀርባል። ከዜግነት አገሩና አሁን ከሚኖርበት አገር፣ እዚያ ከስድስት ወር በላይ ከኖረ፤ ከ16 ዓመቱ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረባቸው ሌሎች አገሮች፤ ታስሮ ከነበረ ደግሞ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከዚያ አገር። ለሥራ ሌላ አገር ሁለት ዓመት ኖራችሁ ከሆነ ከዚያ ለማስወጣት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል አይ-130 ሲፀድቅ ጀምሩት። ከአሜሪካ የፖሊስ ማስረጃ አይጠየቅም። የእስር ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ካለ አትደብቁት፤ ከተደበቀ ጥፋት የታወቀ ጥፋት ይሻላል።

ሕክምና። ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ። ቀጠሮ ከያዛችሁ በኋላ ይደረግ። የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ እንደታሸገ ይቆይ።

የቃለ መጠይቁ ፋይል። የቀጠሮ ደብዳቤ፣ የዲኤስ-260 ማረጋገጫ ገጽ፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የተጫኑት የሲቪል ሰነዶች ሁሉ ኦርጅናል ከነትርጉማቸው። አይ-130 ከገባ በኋላ የተጠራቀመ አዲስ የትዳር ማስረጃም ጨምሩ። ፋይሉ ከገባ ወዲህ ሁለት ዓመት ካለፈ ለመርማሪው እነዚያ ሁለት ዓመታት ባዶ ናቸው፤ አዲስ ፎቶ፣ አዲስ ትኬት፣ አዲስ ደረሰኝ ይሙላቸው። በዋዜማው የደረጃ 1ን የቀን ዝርዝር ሁለታችሁም አንብቡት።

መስኮቱ ላይ ሰነድ ከጎደለ

221ጂ የሚል ወረቀት ይሰጣችኋል፤ የጎደለው እስኪሟላ ቪዛው አይሰጥም ማለት ነው። ምን እንደጎደለና እንዴት እንደሚላክ እላዩ ላይ ተጽፏል። ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን እዚያው ጠይቁ። ወረቀቱን በስልክ አንሱት፣ ለስፖንሰሩ የዚያኑ ዕለት ላኩለት። የተጠየቀውን ለማቅረብ አንድ ዓመት አላችሁ። አንድ ዓመት ካለፈ ግን እንደገና ማመልከትና መክፈል ይመጣል፤ በዚያ ላይ የሕክምናው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ያልቃል። የተባለውን ብቻ፣ በተባለው መንገድ ላኩና የላካችሁበትን ደረሰኝ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።